ዋጋ ከመጥራት በፊት ቤቱን መጠየቅ

(ስለ ወለል ንጣፍ ንግድ በሬዲዮ ከተደረገ ንግግር)



በዛሬው ምሽት ልናገርበት የመረጥሁት ጉዳይ ከእግራችን በታች የሚገኝ ነው፤ ይኸውም የቤታችን ወለልና ለዚህ ወለል የሚሆነውን ንጣፍ የሚሸጥልን ነጋዴ ነው። ምናልባት ከአድማጮቼ መካከል «ስለ ወለል ደግሞ ምን የሚነገር ነገር አለ?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በደመወዝ የሚተዳደር ሰው ቤት የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ልብሱ ባይስማማው ይለውጠዋል፤ ወንበሩ ቢሰበር ያስጠግነዋል፤ የግድግዳው ቀለም ቢለቅ ያስቀባዋል። ወለሉ የተበላሸበት ሰው ግን ዕቃውን ሁሉ አውጥቶ፣ ቤቱን ለቆ፣ በመዶሻ ካላስቆፈረ በቀር ሊያርመው አይችልም። ስለዚህ በሱቅ ውስጥ በሩብ ሰዓት የተፈጸመ ግዢ ሃያና ሠላሳ ዓመት ሲያስደስት ወይም ሲያስቆጭ ይኖራል።

በሀገራችን ልማድ የወለል ንጣፍ ከጥንት ጀምሮ የክብር ምልክት ነው። እንግዳ ደጅ ላይ ቆሞ ድምፁን ሲያሰማ ባለቤቱ «ቤት ለእንግዳ» ብሎ ይቀበለዋል፤ ወዲያውም ዓይኑን የሚጥለው እንግዳው በሚቀመጥበት ስፍራ ላይ ነው። ያለው ምንጣፍ ይዘረጋል፤ የሌለው ሰሌን ወይም አጎዛ ያነጥፋል፤ የበዓል ቀን ሲሆን ደግሞ እርጥብ ቄጠማ ይጎዘጎዛል። እንግዲህ ሰው የሚከበርበትን ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ገዢውን ሳያከብር ቢሸጥለት፣ ነገሩ የተገለበጠ ሆነ ማለት ነው።

ይህን ሐሳብ በልቡናዬ ያሳደረብኝ አንድ የታየ ነገር አለ። ከጥቂት ጊዜ በፊት ለሥራ ጉዳይ ወደ አርባ ምንጭ ወርጄ በአንድ ዘመዴ ቤት አደርሁ። እኒህ ሰው ዕድሜያቸውን በመንግሥት ሥራ አሳልፈው በጡረታ የተገለሉ ሲሆኑ፣ በሲቀላ በኩል አንድ ደኅና ቤት ሠርተዋል። ወደ ሳሎኑ ስገባ ከበሩ አጠገብ አንዲት ስጋጃ ተዘርግታ አየሁና ጫማዬን ልጠርግባት ብል፣ «ተው ልጄ፤ እርስዋ የእግር መጥረጊያ አይደለችም፤ የጥፋት መሸፈኛ ናት» አሉኝ። ከዚያም ጎንበስ ብለው ስጋጃዋን ገለጥ ቢያደርጓት፣ ከሥርዋ ያለው ሴራሚክ ከሌላው የሳሎኑ ሴራሚክ ጋር ሥዕሉ አንድ ሆኖ ሳለ ቀለሙ ግን ጠቆር ያለ ነበር። የጧት ፀሐይ በበሩ በኩል ስትገባበት ልዩነቱ እንደ ጥልፍ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። የሳሎናቸው ስፋት 4 ሜትር በ5 ሜትር፣ ማለትም 20 ካሬ ሜትር ነበር። ወደ አንድ ሱቅ ገብተው በግድግዳው ላይ ከተለጠፉት ናሙናዎች አንዱን ሲያመለክቱ፣ ሻጩ ወጣት ከስልኩ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ የካሬውን ዋጋ ነገራቸው። ቀጥሎም «ስንት ካሬ ነው?» አላቸው፤ እርሳቸውም 20 ነው አሉ። የእያንዳንዱ ሴራሚክ ጎን 60 ሳንቲ ሜትር ስለ ሆነ፣ አራት የያዘው አንድ ካርቶን 1.44 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ስለዚህ 14 ካርቶን ተቆጠረላቸው፤ ሒሳቡም ትክክል ነበር። ነገር ግን ሴራሚክ በማዕዘንና በበር ሥር ይቆረጣል፤ በመንገድም በእጅም ይሰበራል። አንጣፊው ሥራውን ሊጨርስ ሲል ሁለት ካርቶን ጎደለው።

ዘመዴ ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደዚያው ሱቅ ቢመለሱ ስሙም ሥዕሉም አንድ የሆነ ዕቃ ተሰጣቸው። አንጣፊውም አነጠፈው፤ በማግሥቱም ጉዱ ታየ። አቤቱታ ይዘው ቢሄዱ «ጋሼ፣ የተነጠፈ ዕቃ እኮ አንመልስም» የሚል መልስ አገኙ። ይህን ሲያጫውቱኝ ድምፃቸውን ከፍ እንኳ አላደረጉም፤ «ሠላሳ ዓመት የቆጠብሁትን ገንዘብ ይኸው በስጋጃ ሸፈንሁት» ብቻ ነው ያሉት።

አድማጮቼ ሆይ፤ እስቲ ፍርዱን እናንተ ስጡ። ሻጩ ዋሽቷልን? አልዋሸም። ሰርቋልን? አልሰረቀም። ያጠፋው ጥፋት አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም አለመጠየቁ ነው። እርሱ በየቀኑ የሚያየውን ነገር ገዢው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚያየው አላሰበም። አንድ ዓይነት ሴራሚክ በተለያየ ጊዜ ከእቶን ሲወጣ ቀለሙ በጥቂቱ፣ መጠኑም በሚሊ ሜትር ሊለያይ ይችላል፤ ፋብሪካዎችም በየካርቶኑ ላይ የምርት ቁጥር የሚያትሙት ስለዚሁ ነው። ለመቆረጥና ለመሰበር ደግሞ ከስፋቱ ላይ አንድ ዐሥረኛ ያህል መጨመር የተለመደ ነው። ሻጩ በ20 ካሬ ላይ 2 ካሬ ጨምሮ «ጋሼ፣ 16 ካርቶን ይውሰዱ፤ ቁጥሩም አንድ ይሁን» ቢላቸው ኖሮ፣ እርሱም ሁለት ካርቶን በጨመረ፣ እርሳቸውም ስጋጃ ባልገዙ ነበር።

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ተራራ የወጣ ሰው የዶርዜን ቤት ሳያይ አይመለስም። ይህ ቤት ከቀርከሃ ተፈትሎ የሚሠራ ሲሆን፣ ቁመቱ ከሩቅ የሚታይ ነው። ምስጥ ከሥሩ እየበላው ሲሄድ ቤቱ ዓመት በዓመት ዝቅ እያለ ይኖራል፤ ሲያስፈልግም ሰዎች ተሰብስበው ተሸክመው ወደ ሌላ ስፍራ ይወስዱታል። እንዲህ ያለውን ቤት የሚሠራ ባለ ሙያ የቤቱን መሬት፣ የቤቱን ጠላት፣ የሚኖርበትንም ቤተሰብ ያውቃል። ሠሪውና ተጠቃሚው ፊት ለፊት የሚተያዩ ናቸው።

ዛሬ ግን ንጣፋችን ከፋብሪካ ይመጣል። ከፊሉ በሀገራችን ይመረታል፤ ለምሳሌ በሐዋሳ የተቋቋመውን የታቦር ሴራሚክ ፋብሪካ ማንሣት ይቻላል። ከፊሉም ባሕር ተሻግሮ ይመጣል። የፋብሪካው ሠራተኛ በአባያ ዳር የሚኖረውን ሰው አያውቀውም፤ የአባያውም ሰው እቶኑን አላየም። በሁለቱ መካከል የቆመው ባለ ሱቅ ነው። የእርሱ ሙያ የፋብሪካውን ዕውቀት ወደ ገዢው፣ የገዢውንም ችግር ወደ ዕቃው ማድረስ ነው። ይህን ካላደረገ የመጋዘን ጠባቂ እንጂ ነጋዴ ሊባል አይገባውም።

እንግዲህ ባለ ሱቁ ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ሊጠይቃቸው የሚገቡትን ጥቂት ጥያቄዎች ልዘርዝር።

አንደኛው፣ «ለየትኛው ክፍል ነው?» የሚለው ነው። ለግድግዳ የተሠራ ሴራሚክ ውሃ የሚመጥና አቅሙም የሳሳ ስለ ሆነ ለወለል አይሆንም። እንደ መስታወት የሚያብለጨልጨው ንጣፍም ሳሎን ቢያሳምር፣ በመታጠቢያ ቤት ውሃ ሲፈስበት ሰው ይጥላል። ሻካራው ንጣፍ ለዓይን ደስ ባይልም አጥንት ያድናል።

ሁለተኛው፣ «ቤቱ የት ነው?» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ በጋሞ ምድር እጅግ የሚያስፈልግ ነው። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ጨንቻ ግን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። በቆላው ሙቀት እግርን የሚያቀዘቅዘው ሴራሚክ በረከት ነው፤ በጨንቻ ብርድ ግን ያው ሴራሚክ በጧት የሚረገጥ በረዶ ይሆናል፤ እዚያ ጣውላ ወይም ምንጣፍ ይሻላል። የአባያን ሐይቅ ውሃ ቀይ ያደረገው ከደጋው በወንዞች ታጥቦ የሚወርደው አፈር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ያ አፈር በጫማችንም ወደ ቤት ይገባል። በእንዲህ ያለ አገር ነጭ ወለል የሚገዛ ሰው መጥረጊያም አብሮ እየገዛ መሆኑን ሻጩ ቢነግረው ውለታ ዋለለት እንጂ ገበያውን አላበላሸም።

ሦስተኛው፣ «በቤቱ የሚኖረው ማን ነው?» የሚለው ነው። ሽማግሌ ያለበት ቤት፣ ሕፃን የሚድኽበት ቤት፣ ተከራይ የሚገባበት ቤት ፍላጎታቸው አንድ አይደለም።

አራተኛው፣ «ከሥሩ ምን አለ?» የሚለው ነው። ሊሾ ወለል ያለው ሰው ምናልባት በፕላስቲክ ንጣፍ ብቻ ሊረካና ገንዘቡን ለልጆቹ ትምህርት ቤት ሊያውለው ይችላል። ሊሾው የተሰነጠቀና እርጥበት የሚያወጣ ከሆነ ደግሞ የፈለገውን ያህል ውድ ንጣፍ ቢጭንበት ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይነሣል።

ከጥያቄው ቀጥሎ የሱቁ አሰናዳድ ይመጣል። የወለል ንጣፍ በግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሲታይ ወለል መሆኑ ቀርቶ ሥዕል ይሆናል። ሱቁ ጥቂት ናሙናዎችን በመሬት ላይ አንጥፎ ገዢው እንዲቆምባቸው፣ ውሃ አፍስሶ እንዲሞክራቸው፣ አንዱንም ይዞ ወደ ደጅ በመውጣት በፀሐይ ብርሃን እንዲያየው ቢፈቅድ ብዙ ወጪ የለበትም። ዋጋውም በካሬ ሜትርና በካርቶን ተጽፎ ይለጠፍ። የመጫኛና የማውረጃው፣ የዘኮሎውና የማጣበቂያው ሒሳብ አስቀድሞ ይነገር፤ ገዢው ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ ዕቃው መኪና ላይ ሲወጣ የሚሰማው አዲስ ዋጋ ሁሉ እንደ ማታለል ይቆጠራል። በደረሰኙም ላይ የዕቃው ስም ብቻ ሳይሆን የምርት ቁጥሩ ይጻፍ።

ሌላም የታዘብሁት ነገር አለ። ባልና ሚስት አብረው ሲገቡ ሻጩ የሚያናግረው ባልየውን ነው። ከአንጣፊ ጋር የገባች እመቤት ብትኖርም መልሱ የሚሰጠው ለአንጣፊው ነው። ነገር ግን ወለሉን በየቀኑ የሚያጥብና የሚወለውል ማን እንደ ሆነ ብንመረምር፣ በብዙ ቤት ከሁሉ ይልቅ የሚያውቁት ሴቶች ናቸው። የትኛው ንጣፍ ቅባት እንደሚይዝ፣ የትኛው መጋጠሚያ እንደሚጠቁር ከእነርሱ የበለጠ የሚያስረዳ የለም። እነርሱን ዘሎ የሚያልፍ ሻጭ ትልቁን ዐዋቂ ዘሎ አለፈ። ለአንጣፊው የሚከፈል የድለላ ገንዘብ ካለም በግልጽ ይታወቅ፤ በስውር የሚከፈለው ገንዘብ መጨረሻው ከገዢው ኪስ ነው።

ይህ ሁሉ አዲስ ፈሊጥ እንዳይመስላችሁ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1852 ዓ.ም. ጀምሮ አሪስቲድ ቡሲኮ የተባለ ፈረንሳዊ ነጋዴ በፓሪስ ከተማ ቦን ማርሼ በተባለው መደብር ዋጋን በዕቃው ላይ ጽፎ አኖረ፤ ሰው ሳይገዛ ገብቶ እንዲያይ ፈቀደ፤ ያልተስማማውንም ዕቃ እንዲመልስ አደረገ። የጊዜው ነጋዴዎች ይከስራል ሲሉ፣ መደብሩ ግን ከጊዜው ታላላቅ መደብሮች አንዱ ለመሆን በቃ።

በእኛም አገር ቢሆን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሽያጭ በደነገገበት ክፍል ሻጩ ለዕቃው ጉድለት ዋስ መሆን እንዳለበት፣ ገዢውም ዕቃውን ሳይዘገይ መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ማስታወቅ እንዳለበት ጽፏል። ኋላም በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መግለጫ እንዲያገኝ፣ አማርጦ እንዲገዛ፣ ዕቃ ስላየ ወይም ዋጋ ስለ ተከራከረ ብቻ እንዲገዛ እንዳይገደድ፣ በትሕትናና በአክብሮትም እንዲስተናገድ ደነገገ። ልብ አድርጉ፤ ትሕትና በሕግ ተጻፈ ማለት ነው። ሆኖም ሕግ የሻጩን አፍ ከስድብ ይከለክል እንደ ሆነ እንጂ፣ ከስልኩ ላይ ዓይኑን አንሥቶ «ቤቱ እንዴት ያለ ነው?» እንዲል ሊያደርገው አይችልም። ይህ የሚመጣው ከሙያ ፍቅር ነው።

የነጋዴውንም ችግር ሳልናገር ባልፍ ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። ከአዲስ አበባ ተጭኖ አባያ ዳር እስኪደርስ ዕቃው ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ በመንገዱም ይሰበራል። የሱቅ ኪራይ አለ፤ ከግማሽ ቀን በላይ ተከራክሮ ከጎረቤት ሱቅ የሚገዛም ደንበኛ አለ። «ሁሉ ሰው ትርፉን ቢመልስብኝ መጋዘኔ በቁርጥራጭ ይሞላል» የሚል ነጋዴ ያለ ምክንያት አይናገርም። ነገር ግን መካከለኛ መንገድ አለ። ገዢው ጥቂት መያዣ ይክፈል፤ ሻጩም ከዚያው የምርት ቁጥር ሁለት ካርቶን ለይቶ ለአንድ ወር ያቆይለት። ቢያስፈልገው ይወስዳል፤ ባያስፈልገው ካርቶኑ እንደ ታሸገ ስለሚቆይ ለሌላ ይሸጣል። ይህ ከአንድ ማስታወሻ ደብተርና ከአንድ ጠባብ ስፍራ በቀር የሚጠይቀው ነገር የለም። የአበው ተረት «ከአነጋገር ይፈረዳል፤ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላል፤ ሱቅም የሚሞላውና የሚራቆተው በአያያዝ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ እናንተ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ወደምታገለግሉት አድማጮቼ ልመለስ። እኛ ገዢዎችም ያለ ጥፋት አይደለንም። የክፍላችንን ስፋት በእርምጃ ገምተን እንሄዳለን፤ በሜትር መለካት ግን የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። በዓል ሲቃረብ ቤቱ ይድረስልን ብለን እንጣደፋለን፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። ካርቶኑ ሳይከፈት፣ ቁጥሩ ሳይተያይ አንጣፊው እንዲጀምር እናዛለን፤ አንድ ጊዜ ከሲሚንቶ ጋር የተጣበቀውን ዕቃ ግን ማንም አይመልስልንም።

ከሁሉ የሚያሳፍረው ግን ሌላ ነው። በቢሮአችን ቀኑን ሙሉ ደረሰኝ ስንጠይቅ ውለን፣ ሱቅ ስንገባ «ያለ ደረሰኝ ስንት ያደርጉልኛል?» የምንል አለን። እንዲህ ያለው ሰው የመንግሥትን ገቢ ከመጉዳቱም በላይ፣ ነገ አቤት የሚልበትን ማስረጃ ዛሬ በገዛ እጁ ቀደደው። ሻጩን ታማኝ ሁን ከማለታችን በፊት እኛው ታማኝ ገዢዎች እንሁን።

ንግግሬን ከመፈጸሜ በፊት ስለ ዘመዴ አንድ ቃል ልጨምር። ባለፈው ዓመት ሴት ልጃቸው በሴቻ በኩል ሁለት ክፍል ቤት ስትሠራ ንጣፉን እንዲገዙላት ለእርሳቸው አደራ ሰጠቻቸው። ወደ ሌላ ሱቅ ገብተው የሚያብለጨልጨውን ውድ ሴራሚክ ሲያመለክቱ፣ በባንኮኒው ያለችው ልጅ «ምን ልታዘዝ ጋሼ?» ብላ ተነሥታ ተቀበለቻቸው፤ ቀጥላም «ቤቱ ውስጥ ማን ነው የሚኖርበት?» አለቻቸው። የልጅ ልጃቸው ገና መዳኽ መጀመሩን ሲነግሯት፣ ውዱን ትታ ዋጋው አነስ ያለውን ሻካራውን አሳየቻቸው፤ በደረሰኙም ላይ የምርት ቁጥሩን ጻፈችላቸው። በዚያ ቀን ሱቁ ጥቂት ብር አጣ። ከዚያ ወዲህ ግን ዘመዴ ቤት የሚሠራ ሰው ባገኙ ቁጥር ወደዚያው ሱቅ ይመሩታል፤ እኔ ራሴ ሲመሩ ሰምቻለሁ።

የመጀመሪያዋ ስጋጃ ዛሬም ከበሩ አጠገብ እንደ ተዘረጋች ናት። ወለል የምትሸጡ ነጋዴዎች ሆይ፤ በየምትሸጡት ቤት በር ላይ እንዲህ ያለች ስጋጃ እንዳትዘረጋ፣ ነገ ጧት የመጀመሪያው ደንበኛ ሲገባ ዋጋውን ከመጥራታችሁ በፊት ቤቱን ጠይቁት።